የጨዋታ ፈቃድና የመድረክ ሕግ፤ የጫጫ አገር የቤተሰብ ጨዋታ ወደ ቴአትር ሲገባ

የኢትዮጵያን ቴአትር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች መነሻ የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ያሳዩትን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ለጽሑፍ ቴአትር ይህ አጀማመር የተገባ ነው። ነገር ግን ከእርሱ የተነሣ አንድ የተሳሳተ አሳብ ተከትሏል፤ ይኸውም ከፋቡላ በፊት አገሩ ዘፈንና ጭፈራ እንጂ የተውኔት ጠባይ ያለው ነገር አልነበረውም የሚል ነው። የዚህ አሳብ ጉዳቱ በታሪክ ላይ ብቻ አይደለም። ዛሬ የባላገሩን ጨዋታ ወደ መድረክ የሚያወጡት አማተር የቴአትር ቡድኖች ጨዋታውን እንደ ጥሬ ዕቃ ብቻ እንዲያዩት አድርጓል፤ ጨዋታው የራሱ ሕግ ያለው መሆኑን ሳይመረምሩ ዱላውንና ችቦውን ብቻ ይዘው ይወጣሉ።

የፋቡላ ደራሲ የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በሰያ ደብር ነው። ሰያ ደብር ከጫጫ ብዙም የማይርቅ፣ ገብስ የሚዘራበትና በግ የሚረባበት ብርዳም ደጋ ነው። ጫጫ ራሷ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ ስሟን ከምትጎራበተው ወንዝ ጋር የምትጋራ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ ያለው አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያ ነው። እንግዲህ አገሩ ለቤተ መንግሥትም ለእረኛም ጎረቤት ሆኖ የኖረ ነው። ጌታና ባላገር በዓመት ስንት ጊዜና በምን ሥርዐት ፊት ለፊት እንደሚነጋገሩ ለመመልከት ከዚህ የተሻለ ስፍራ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በዚህ ደጋ የሚያድግ ልጅ መድረክ የሚባል ነገር ሳያይ በሦስት ጨዋታዎች ያልፋል። የመጀመሪያው በምድጃ ዳር፣ ሁለተኛው በደጃፍ፣ ሦስተኛው በሜዳ ነው።

የምድጃው ጨዋታ እንቆቅልሽ ነው። ማታ ኩበቱ ሲነድ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። መልሱን ያጣ ሰው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው የቀረበለት አገር ካላማረው አይቀበልም፣ ሌላ እንዲጨመርለት ይጠይቃል። አንኮበር ወይም ደብረ ብርሃን በአንድ ልጅ እጅ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። አገሩን የተቀበለው ልጅ መልሱን ከመንገሩ በፊት ተረቺውን እንደ ልቡ ይሰድበዋል፤ ተረቺው አጎቱ ወይም አያቱ ቢሆንም ስድቡ እንደ ነውር አይቆጠርም። እዚህ ላይ ሁሉም ነገር የተውኔት ነው። በአሳብ ብቻ ያለ መንግሥት፣ በአሳብ ብቻ ያለ ግዛት፣ ለጥቂት ጊዜ የሚገለበጥ ማዕርግና ይህን ሁሉ እያወቀ የሚስቅ ተመልካች አሉበት። ነገር ግን ተመልካቹ ተመልካች ሆኖ አይቀርም፤ በሚቀጥለው ጥያቄ ተራው የእርሱ ነው።

የደጃፉ ጨዋታ ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ቀን በሚውለው በደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ እየደበደቡ፣ በየቤቱ ደጅ ሆያ ሆዬ ይላሉ። አንዱ አውራጅ ነው፤ የቀሩት ተቀባዮች ናቸው። አውራጁ የባለቤቱን ስም፣ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ያለፈውን ዓመት ነገር እየጠራ ግጥሙን በዚያው በደጁ ላይ ያዋድዳል። ባለቤቲቱ ሙልሙል ይዛ ትወጣለች፣ ልጆቹም ይመርቃሉ። ከቤቱ የዘገየ ወይም የሰሰተ ሰው ቢኖር ውዳሴው ወደ ሽሙጥ ይዞራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ደጅ አዲስ ትዕይንት ነው፤ መጨረሻውም አስቀድሞ አይታወቅም፤ የሚወሰነው በሩን በሚከፍተው ሰው ነው።

የሜዳው ጨዋታ ገና ነው። በልደት በዓል ወንዶቹ ጫፉ ቆልማማ በሆነ ዱላ ሩሯን እየመቱ ላይኛውና ታችኛው መንደር፣ ወይም ያገቡና ያላገቡ ሆነው ይገጥማሉ። ስለ አመጣጡ የሚነገረው ትውፊት እረኞች የጌታን ልደት በሰሙ ጊዜ በደስታ በያዙት ዱላ ተጫወቱ የሚል ነው። በጨዋታው ውስጥ ከወገኑ አልፎ በተቃራኒው በኩል የተገኘ ተጫዋች ሚናውን እንዲለይ ይጮኹበታል። ሚና የሚለው ይህ የሜዳ ቃል ዛሬ አንድ ተዋናይ በቴአትር ውስጥ የሚይዘውን ስፍራ ለመግለጽ የሚሠራበት መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የአማርኛ ቴአትር ለሥራው ዋነኛ የሆነውን ቃል ያገኘው ከዚሁ ከሜዳው ይመስላል። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ነገሩ አያልቅም። ያሸነፉት እየጨፈሩ የተሸነፉትን በግጥም ይሰድባሉ፤ ስድቡም ተራ ሰው ላይ አይቆምም፤ ሹሙንና ባላባቱን፣ ዘሩንና መልኩን፣ የፍርድ አሰጣጡንና የእጁን መጨበጥ ይነካል። በዚያ ቀን ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገረው ብሂል በመላው አገር የታወቀ ነው። ከዚያም ወደ ሹሙ ቤት ሄደው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ።

እነዚህ ሦስቱ ጨዋታዎች ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ሜዳ እየሰፉ ቢሄዱም አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ እርሱም ፈቃድ ነው። ፈቃዱ በሦስት ድንበር የተከለለ ነው። አንደኛ፣ ጊዜ አለው፤ በዕለቱ የተባለው በማግስቱ አይደገምም። ሁለተኛ፣ ስፍራ አለው፤ ከምድጃው፣ ከደጃፉ፣ ከሜዳው ውጭ ያው ቃል ጠብ ያስነሣል። ሦስተኛና ዋነኛው ግን ተራ አለው። በእንቆቅልሽ የተሰደበው በሚቀጥለው ጥያቄ ይሰድባል፤ በቡሄ የተሸሞጠው ሙልሙል አውጥቶ ሽሙጡን ወደ ምርቃት ይመልሳል፤ በገና የተሸነፈው መንደር የሚመጣውን ዓመት ይጠብቃል። መልስ የሌለው ስድብ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ የለም።

ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ባደረጉት ጥናት ላይ ተመሥርተው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ሰምና ወርቅ ሲናገሩ፣ ይህ የአነጋገር ስልት ሌላውን ማኅበረሰቡ በሚቀበለው መንገድ ለመስደብና ባለሥልጣንን ለመንቀፍ እንደሚያገለግል አመልክተዋል። አስተያየታቸው ስለ ቃሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሰሜን ሸዋው ጨዋታ የሚያሳየው ከቃሉ ሌላ መሸሸጊያ መኖሩን ነው። የገና ተሳዳቢ ብዙ ጊዜ ሰም አያስፈልገውም፤ በግልጽ ይናገራል፤ የሚሸፍነው ቅኔው ሳይሆን ቀኑ ነው። ማክስ ግላክማን በ1954 በደቡብ ምሥራቅ አፍሪቃ ስላሉት የዐመፅ ሥርዐቶች ሲጽፉ፣ እንዲህ ያለው የተፈቀደ ዐመፅ ሹመትን ከመናድ ይልቅ እንደሚያጸና ተከራክረዋል። ይህ ክርክር ለገናም ይሠራል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ፋቡላን በዚህ ብርሃን መመልከት ይገባል። ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው በራስ መኰንን ቤት አድገው፣ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ የአውሮፓንም ቴአትር ያዩ ሰው ነበሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ ቴአትር ተብሎ የሚታየው ነገር የአዝማሪ ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ ስላገኙት፣ እውነተኛው ቴአትር ምን እንደሆነ ለማሳየት ጻፉ። መነሻቸው የላ ፎንቴን ተረቶች ናቸው። አራዊቱ እንደ ሰው እየተነጋገሩ የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነትና ኋላ ቀርነት ይገልጣሉ። ቴአትሩ መኳንንት በተገኙበት ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ታገደ፤ በአደባባይ ቴአትር ማሳየትም ዳግመኛ ያንሠራራው ከ1923 ዓ.ም. ንግሥ ወዲህ ነው።

ይህን እገዳ ሐያስያን የሚተረጕሙት በአብዛኛው ሥልጣኔን በፈሩ ሰዎች ጥፋት ነው። ትርጕሙ ከፊል እውነት አለው፤ ግን አንድ ጥያቄ ይተዋል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መንግሥት፣ በሰሜን ሸዋ ሜዳዎች ከፋቡላ አራዊት ይልቅ በግልጽ የሚናገሩ ገበሬዎች ሹሞቻቸውን በገና ሲሰድቡ ማን አገዳቸው? የአንበሳና የጅብ፣ የዝንጀሮና የአህያ ተረትስ በየቤቱ ሲነገር ማን ተቆጣ? ተረቱ አዲስ አልነበረም፤ ነቀፋውም አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ነቀፋው ያለ ፈቃዱ መምጣቱ ነው።

ፋቡላ ሦስቱንም ድንበሮች አፍርሶ ነበር። በዓል ስላልነበረ ጊዜ አልነበረውም። የታየበት ቦታ የሆቴል አዳራሽ በመሆኑ ማንም የማንም እንግዳ አልነበረም፤ እንደ ሹሙ ቤት ግብር የስድቡ መራራነት የሚሽርበት ማዕድ አልተከተለውም። ከሁሉ በላይ ግን ተራ አልነበረውም። መኳንንቱ ተደርድረው ተቀመጡ፣ ተሰደቡ፣ እንዲመልሱ ግን አልተጋበዙም። ለእነዚህ ሰዎች፣ ከምድጃ ዳር ጀምሮ ለስድብ መልስ መስጠት ለለመዱ፣ የቀረላቸው አንድ ተራ ብቻ ነበር፤ እርሱም ማገድ ነው። ይህን ማለት እገዳውን ማጽደቅ አይደለም። እገዳው ግን ካለማወቅ ብቻ የመጣ ሳይሆን በአንድ በሚገባ በታወቀ የጨዋታ ሕግና በአንድ ባልታወቀ የመድረክ ሕግ መካከል የተደረገ ግጭት መሆኑን ያሳያል።

የሌላው ዓለም ታሪክ ይህን ነገር ለመረዳት ይጠቅማል። እንግሊዞች በልደት ሰሞን ለመላው ቤተሰብ የሚያሳዩት ፓንቶሚም የሚባል ቴአትር አላቸው። ቃሉ በእኛ ዘንድ ለድምፅ አልባ ትርኢት ስለሚነገር አንባቢው እንዳይሳሳት፣ የእንግሊዙ ፓንቶሚም ዛሬ ድምፅ አልባ አይደለም፤ ተረትን መነሻ አድርጎ ወንድ እንደ አሮጊት ለብሶ የሚሣቅበት፣ የከተማው ሹማምንት የሚሸሞጡበት፣ ሕፃናት ከመቀመጫቸው ሆነው ለተዋናዩ እየጮኹ የሚመልሱበት ጨዋታ ነው። በእንግሊዝ አገር እስከ 1843 በአውሮፓ አቆጣጠር ድረስ የንግግር ቴአትር ማሳየት የሚፈቀደው የንጉሥ ፈቃድ ላላቸው ጥቂት ቤቶች ብቻ ስለ ነበር ሌሎቹ በእንቅስቃሴና በዘፈን ይወሰኑ ነበር፤ ሕጉ በዚያው ዓመት ከተለወጠ በኋላ ፓንቶሚም በንግግር እየበለጸገ ሄደ። የተውኔቶችን ጽሑፍ አስቀድሞ የመመርመር ሥልጣን ግን እስከ 1968 በቤተ መንግሥቱ ሹም እጅ ቆየ። ፓንቶሚሙ በየከተማው አማተር ቡድኖች ዘንድ እስከ ዛሬ የኖረው ወደ መድረክ ሲወጣ ሁለት ነገሮችን ይዞ ስለ ወጣ ነው፤ ወቅቱንና የተመልካቹን መልስ። የበዓል ጨዋታ ወደ አዳራሽ ሲገባ ነፍሱ የግድ እንደማትወጣ ይህ ምስክር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የሆነው ሌላ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን ለአገር መከላከል ለመቀስቀስ ዘፈኑንና ፉከራውን ወደ አደባባይ አወጣ፤ ለጊዜው ታላቅ ሥራ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። እነዚህ ቡድኖች ለብዙ የገጠር ወጣት የመጀመሪያ መድረክ ሆነዋል፤ ሴት ልጆችንም በአደባባይ አቁመዋል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን የባላገሩን ጨዋታ ሲያወጡ ዜማውን ያዙ፣ ግጥሙን ለወጡ። ቀድሞ በቦታው ላይ ይዋደድ የነበረው ግጥም አስቀድሞ ተጽፎ፣ ተመርምሮና ተጠንቶ የሚቀርብ ሆነ፤ የሚሰደበውም በአዳራሹ ያለ ሹም መሆኑ ቀርቶ በአዳራሹ የሌለ ጠላት ሆነ።

ዛሬ በትምህርት ቤቶች የወላጆች በዓል ላይ የቴአትር ክበቦች ቡሄንና ገናን ሲያሳዩ የሚታየው ልማድ የዚህ ወራሽ ነው። ልጆቹ አንድ ዓይነት ነጭ ልብስ ለብሰው በአንድ መሥመር ይቆማሉ፤ አውራጁ ከወረቀት የተጠና ግጥም ይላል፤ ወላጆች ያጨበጭባሉ። ሥራው በትጋት የተዘጋጀ፣ ለዓይንም ያማረ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ ግን ከዝግጅት ማነስ አይደለም። በዚህ ቡሄ ውስጥ በር የለም፤ በር ስለሌለም የሚከፍት ወይም የሚዘጋ ሰው የለም። ልጆቹ የሚያወድሱት ማንን እንደሆነ አያውቁም፤ ሙልሙሉም ከየትም አይመጣም። የገናውም ትርኢት እንዲሁ ነው። ሁለቱ ወገኖች አስቀድሞ በተወሰነው መሠረት ያሸንፋሉና ይሸነፋሉ፤ ተሸናፊው ለመሰደብ የተመደበ ተዋናይ እንጂ በእውነት የተሸነፈ ሰው ባለመሆኑ ስድቡ ማንንም አይነካም። ማንንም የማይነካ የገና ስድብ ደግሞ ከገና ሕግ ውጭ ነው። ከፋቡላ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ተገልብጧል። ፋቡላ ነቀፋውን ይዞ ፈቃዱን ተወ፤ እነዚህ ፈቃዱን አግኝተው ነቀፋውን ተዉ።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ግላክማን እንዳሉት የተፈቀደው ዐመፅ ሹሙን የሚያጸና ከሆነ፣ ገናን ማድነቅ በዓመት አንድ ቀን ተናግሮ ሦስት መቶ ስድሳ አራት ቀን ዝም ማለትን ማድነቅ አይሆንምን? በገና የተሰደበው ባላባት በማግስቱ ያንኑ ግብር ይቀበል አልነበረምን? ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ ነው። ተክለ ሐዋርያትም ከሜዳው ወጥተው ወደ መድረክ የሄዱት ይህን ስላዩ ነው ቢባል ከሥራቸው መንፈስ አይርቅም። እርሳቸው የፈለጉት በማግስቱም የሚታወስ ቃል ነበር። ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒሁ ሰው መሆናቸው ሲታሰብ፣ ቃል ከዕለቱ አልፎ እንዲጸና መሻታቸው በቴአትር ብቻ እንዳልተወሰነ ይታያል። በተጨማሪም የገና ሜዳ የወንዶች ሜዳ ነበር፤ ሴቶቹ ተመልካቾች ነበሩ። ስለዚህ መድረክ ከጨዋታው የሚነጥቀው ብቻ ሳይሆን የሚጨምርለትም አለ፤ ቃሉን ያጸናል፣ ሜዳው ያልተቀበላቸውን ይቀበላል።

ይሁን እንጂ ይህ ተቃውሞ የዛሬዎቹን ትርኢቶች አያድናቸውም። የመድረክ ትርፉ ቃልን ማጽናት ከሆነ የሚጸና ቃል መኖር አለበት። ወቅቱንም፣ መልሱንም፣ ነቀፋውንም ያጣ ትርኢት የሜዳውን ፈቃድም የመድረኩን ክብደትም ሳያገኝ በመካከል ይቀራል። ሥራው የባህል ጥበቃ ነው ቢባልም የተጠበቀው ልብሱና ዱላው ነው።

በጫጫም ሆነ በሌላ የደጋ ከተማ ያለ አማተር ቡድን የአያቶቹን ጨዋታ ለማሳየት ሲያስብ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ጨዋታውን በወራቱ ያሳይ፤ ገናን በሰኔ የወላጆች በዓል ላይ ማሳየት ቡሄን በጥር እንደ መጨፈር ነው። ተመልካቹን በመሥመር ሳይሆን በክብ ያስቀምጥ፤ በሁለት ሚናም ይክፈለው። አውራጁ ዜማውን እንጂ ግጥሙን አያጥና፤ ስለ ከተማው ውኃ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ በዚያው ምሽት ያዋድድ። አውራጂቱ ሴት ልጅ ብትሆን ጨዋታው አይፈርስም፤ ይልቁንም ሜዳው ሳይሰማው የቆየው ድምፅ ይጨመርበታል። የተነካው ሰው ደግሞ ተነሥቶ እንዲመልስ ተራ ይሰጠው፤ መጨረሻውም በምርቃት ይዘጋ። እንዲህ ያለው ዝግጅት ከተጠናው ትርኢት ይልቅ ሻካራ መሆኑ አይቀርም፤ ግጥሙ ሊወላገድ፣ መልሱም ሊጎመዝዝ ይችላል። ነገር ግን ትምህርት ቤቱም ሆነ አስተዳደሩ ይህን ሊቀበል የማይችል ከሆነ፣ ያን ጊዜ ችግሩ የቴአትር ችሎታ ማነስ አለመሆኑ በግልጽ ይታወቃል።

ለአጥኚዎችም የሚቀር ሥራ አለ። የገናና የቡሄ ግጥሞች ሲሰበሰቡ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ግጥሙ ብቻ ነው። ማን በማን ላይ እንዳለው፣ የተባለው ሰው ምን እንደ መለሰ፣ ከዚያስ በኋላ ማን ማንን ቤት እንደ ገባ አይመዘገብም። ይህ አሰባሰብ ሳይታወቀው የመድረኩን ስሕተት ይደግማል፤ ተራውን ቆርጦ ስድቡን ብቻ ያስቀራልና። ከእንግዲህ ወዲህ ወደ ጫጫ፣ ወደ አንጎለላ፣ ወደ ሰያ ደብር የሚወርድ ተማሪ ከግጥሙ ጎን መልሱን ይጻፍ። አማተሩ ቡድን በመድረክ ላይ የሚያጣውን ነገር ከመዝገብ የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።